ጎረቤት ማሳ ላይ የታየ ተምች እኔ ጋ መቼ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ሮቢት አካባቢ በመስኖም በክረምትም በቆሎ እዘራለሁ። አምና ጎረቤቴ ማሳ ላይ ተምች ገባ ሲሉኝ ደነገጥኩና በማግሥቱ መድኃኒት ረጨሁ። ያኔ የእኔ በቆሎ ንጹሕ ነበር። ሦስት ሳምንት አለፍ ሲል ግን መጣና እምብርት እምብርቱን በላው። እንደገና የምረጭበት ገንዘብ አልነበረኝም። ይህ ነገር መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቻላል። እንዲያውም የጠቀሱት ሦስት ሳምንት ራሱ መልሱን ይዟል።

የነገሩኝ አበላሉ የመጤው የአሜሪካ ተምች ይመስላል። አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ተገኘ፤ ክረምቱ ሲገባ አማራ ክልልም ደርሶ ነበር። ይህን ያህል የፈጠነው የእሳት እራቱ ሌሊት ከነፋስ ጋር ስለሚበር ነው። በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ትሉን ለመለየት ግንባሩን ይዩት፤ እንደ ተገለበጠ ባላ ያለ ነጣ ያለ መስመር አለው። ወደ ጅራቱ ጠጋ ብሎ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል።

አባቶቻችን የሚያውቁት ነባሩ ተምች እንደ ሠራዊት ተሰልፎ ከማሳ ማሳ ይሄዳል። ስለዚህ ጎረቤት ጋ ታየ ሲባል መደንገጥዎ አይገርምም። መጤው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲያ አያደርግም። ጎረቤትዎ ማሳ ላይ ያደገው ትል እዚያው መሬት ይወርዳል። ሁለት ሦስት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ይሆናል። ሲሞቅ ስምንት ዘጠኝ ቀን ይቆይና የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ሌሊት ቆይቶ በእርስዎ በቆሎ ላይ ዕንቁላል ይጥላል። ዕንቁላሉ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ደምሩት፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። ትሉ አድጎ ጉዳቱ ዓይን ውስጥ እስኪገባ ሌላ ሳምንት ይጨምሩ።

እንግዲህ አምና የረጩት ገና ላልመጣ ጠላት ነበር። የሞቱት ጉንዳኖች፣ ሸረሪቶችና ትሉን የሚወጉ ትንንሽ ተርቦች ናቸው። ተምቹ ሲመጣ ጠባቂ የሌለው ማሳ አገኘ። ገንዘብዎም፣ ወዳጆችዎም አብረው ሄዱ። ይሄ እኔን በጣም ያሳዝነኛል፤ በየቀበሌው የማየው ነገር ነው።

ዘንድሮ እንዲህ ያድርጉ። ጎረቤት ጋ ትል ታየ ሲባል ሄደው መጠኑን ይዩ። ትልልቅ ከሆነ ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ ቀን አሥር ቆጥረው ማሳዎን በየሁለት ሦስት ቀኑ ማየት ይጀምሩ። ጥቃቅን ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለዎት። ነገር ግን ከሩቅ በነፋስ የሚመጣም ስላለ፣ በቆሎው ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት አንዴ መዞር አይቅር። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕድገቱ ይዘገያል፤ ሙሽሬው ብቻ ሃያ ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሞቅ ግን ይፈጥናል።

ማሳው ውስጥ የሚዞሩበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። ዳር ዳሩን ብቻ አይዩ። አምስት ቦታ ይቁሙ፤ በየቦታው አሥር አሥር ተክል ይዩ። ቅጠሉን ገልብጡት። ዕንቁላሉ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሆኖ በአንድ ላይ ተጣብቋል፤ በላዩ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር ለብሷል። በጣት ጨፍልቀው ያጥፉት፤ ይሄ ከማንኛውም ኬሚካል ይበልጣል። ቅጠሉ ላይ እንደ ስስ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠባሳ ካዩ ትንንሾቹ ተፈልፍለዋል። መድኃኒት የሚሠራው ያኔ ነው። እምብርቱ ውስጥ እንደ ሰጋቱራ ያለ እዳሪ ከሞላ ትሉ ጠልቋል፤ ርጭቱም አይደርስበትም።

በቆሎው ገና ትንሽ ሳለ ከሃምሳው አሥሩ፣ ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ ከሃምሳው ሃያው ከተጠቃ ያኔ ይርጩ። ከዚያ በታች ከሆነ በእጅ መልቀም ይበቃል። በጠዋት ወይም ወደ ማታ ይርጩ፤ በምን እንደሚረጩ የልማት ሠራተኛዎን ይጠይቁ። አበባ ካወጣ በኋላ መርጨት ገንዘብ መጣል ነው።

በሬዲዮና በስልክ የሚመጣው ትንበያስ ይጠቅማል? ይጠቅማል። ባለሙያዎች ሙቀቱን፣ ዝናቡን፣ ነፋሱንና በፌሮሞን ወጥመድ (የሴቷን ሽታ አስመስሎ ወንዱን በሚስብ ወጥመድ) የተያዙትን የእሳት እራቶች አይተው ነው የሚናገሩት። በነፃው የገበሬዎች የስልክ መስመር በ8028ም መጠየቅ ይችላሉ። ግን ትንበያው የሚያወራው ስለ ወረዳ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ መርጫውን አያንሡ፤ ማሳ ይውረዱና ይቁጠሩ።

የትንበያ ነገር ከሁለት ጥያቄ አይወጣም፤ ተባዩ የት ይመቸዋል? በምን መንገድ ይመጣል? ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውን እምቦጭ ያስቡ። ውኃው ጥልቅ ያልሆነበት፣ ወንዞች ደለልና የማዳበሪያ እጣቢ የሚያመጡበት የደንቢያና የፎገራ ዳርቻ ተመቸው። መንገዱ ደግሞ ማዕበልና ነፋስ ሆነ። ለተምቹ የሚመቸው ሙቀትና ለምለም በቆሎ ነው። እዚህ ላይ እኛም እጃችን አለበት፤ በመስኖ የምንዘራው በቆሎ በጋውን ያሻግረዋል። ሰኔ ላይ የክረምቱ በቆሎ ሲበቅል የእሳት እራቱ እዚያው አጠገቡ ይጠብቀዋል። ዘግይቶ የተዘራ ማሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባሰ ይጎዳል፤ ሌላው ሲጠነክር እሱ ብቻ ለጋ ሆኖ ይገኛልና።

ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር በአንድ ሰሞን ዝሩ። የመስኖው በቆሎ እንደተነሣም ማሳውን ገልብጠው ያርሱት፤ ሙሽሬው ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል። ዘንድሮ መቼ ሊዘሩ እንዳሰቡ፣ ጎረቤቶችዎም መቼ እንደሚዘሩ ይጻፉልኝ፤ ቀኑን አብረን እንቆጥረዋለን።