በትከሻ ስመታ የሚያመኝ እኔኑ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከጓደኞቼ ጋር ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና የፍልሚያ ጥበብ እሠራለሁ። «ካኦ» የሚባለውን የትከሻ ምት ባሕር ዛፍ ላይ ስለማመድ የትከሻዬ ጫፍ ያመኛል። ጓደኛዬ ላይ ስሞክረው ደግሞ እሱ ዘወር ይላል፣ እኔ እደፋለሁ። ስህተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ትከሻዎን እየወረወሩት ነው። እጅ ለሩቅ ነው፣ ክርን ለቅርብ፣ ካኦ ደግሞ ደረት ለደረት ሲገናኙ። በክርን ለመምታት የሚበቃ ክፍተት ካለ ለካኦ ገና አልደረሱም። ያንን ክፍተት በትከሻ ልሙላ ሲሉ ጭንቅላት ይቀድማል፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ሰውየው ዘወር ካለ መደፋት ነው።

ክፍተቱን የሚዘጋው እግር ነው። በቀኝ ትከሻ ከሆነ ቀኝ እግርዎን በባላጋራዎ እግሮች መካከል ያስገቡ፤ ተረከዙ አስቀድሞ ይረፍ፣ ክብደትዎ ግን ግራ እግር ላይ ይቆይ። ቀኝ ክንድዎ ብሽሽትዎን ሸፍኖ ይውረድ። ግራ መዳፍዎን ከቀኝ ክርንዎ በውስጥ በኩል ያስጠጉ፤ ለጌጥ አይደለም፣ ክንድዎ እንዳይያዝና ፊትዎ እንዳይገለጥ ነው። ከዚያ በግራ እግር መሬቱን ይግፉ፣ ዳሌና ወገብ ይከተሉ፣ ሲነኩ አየር ያስወጡ። ሲጨርሱ ከክብደትዎ 70 በመቶ ያህሉ የፊት እግር ላይ ነው። ጉልበትዎ ከእግር ጣትዎ ካለፈ በዝቷል። ያንግ በሚባለው የታይ ቺ ስልት ይህ ምት «ነጭ ሽመላ ክንፉን ዘረጋ» ከሚባለው እንቅስቃሴ በፊት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፈዋል።

መደፋትዎን ለመፈተን፣ ጓደኛዎ በነኩት ቅጽበት ሳይነግርዎ ይራቅ። ላለመውደቅ አንድ እርምጃ ካስፈለገዎት ሚዛንዎን ለእሱ ሰጥተውት ነበር።

ሕመሙ የመጣው ትከሻ ወደ ጆሮ ስለሚነሳ ነው። ያኔ ቀድሞ የሚያርፈው የአንገትጌ አጥንትና የትከሻ አጥንት የሚጋጠሙበት ጫፍ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከቆዳ በቀር የሚከላከል ሥጋ የለም ማለት ይቻላል። ትከሻውን ያውርዱ፣ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ባለው ሥጋማ ጎን ይንኩ።

ዛፉን ለጊዜው ይተዉት። በቻይና ሄቤይ ግዛት የሚታወቀው ባጂ የሚባል የፍልሚያ ስልት ሰዎች ዛፍና ግድግዳ ይመታሉ፣ እውነት ነው፤ የሚደርሱበት ግን ቀስ በቀስ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት በጭድ ወይም በሰጋቱራ ጠቅጥቀው በደረት ከፍታ ይስቀሉ፤ በየጎኑ 10 ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ዛፍ ካልሆነ የማይሉ ከሆነ የመንዝ ባና አራት አጥፈው ይጠቅልሉበትና ሳይመቱ ይግፉት። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ደግሞ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያሟሙቁ አይጀምሩ። ጫፉ ላይ እብጠት ከወጣ ወይም ክንድዎ ከትከሻ በላይ አልነሳ ካለ ልምምዱን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ቁመቴ አጭር ነው። ረጅም ሰው ላይ ካኦ ይሠራል?

መልስ፦ እንዲያውም ይመችዎታል፤ ትከሻዎ የሚያርፈው የጎድን አጥንቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የእጁን አንጓ ይዘው ወደ ታች ይጎትቱ፤ ክብደቱ ወደ እርስዎ ሲመጣ ይግቡ። ዝቅ ማለት ካስፈለገ ጉልበት ይጠፍ እንጂ ጀርባ አይጉበጥ። ቼን በሚባለው ሌላው የታይ ቺ ስልት ትከሻው ከመሬት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪቀረው የሚወርድ «ሰባት ጹን» የሚሉት ካኦ አለ (ጹን የቻይና የርዝመት መለኪያ ነው)፤ ጭንዎ ሳይጠነክር አይሞክሩት፣ ጉልበት ይጎዳል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ደረቱ ላይ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይያዝ።