ፍየሎቹ እያሳሉ ለሚሞቱበት ወንድሜ

«ለገጣፎ ነኝ፣ ከገበያ አምስት ፍየል ገዝቼ ቀላቀልኩ፣ አሁን ነባሮቹ እያሳሉ አራት ሞቱብኝ፣ በጎቹ ግን ደህና ናቸው» ብለህ የጻፍከውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ሱሉልታ በ2014 ዓ.ም. ይሄው ነው የደረሰብኝ። ከ26 ፍየል 17ቱን ቀብሬያለሁ።

1. በጎቹ ደህና መሆናቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። የፍየል ሳንባ የምንለው በሽታ በግን እምብዛም አያጠቃም። ደስታ መሰል የሚባለው ሌላው የበግና የፍየል በሽታ ቢሆን በጎቹም ሊታመሙ ይችሉ ነበር፤ አፋቸው ይቆስላል፣ ዓይናቸው ያዣል፣ ያስቀምጣቸዋል።

2. አዲስ የገባ ፍየል ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው ይቆይ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ለፋሲካ ብዬ ከቆላ የመጡ ስድስት ሙክቶች ገዛሁ። ጸጉራቸው ያበራ ነበር። የዚያኑ ማታ ከነባሮቹ ጋር አስገባኋቸው። ብርዱ እንዳይጎዳቸው ብዬ ደግሞ የበረቱን ቀዳዳ ሁሉ በሸራ ደፈንኩት። በሽታው የሚተላለፈው በሳልና በትንፋሽ ነው፣ እኔ አፍኜ አንድ ላይ አሳደርኳቸው። በ12ኛው ቀን ትልቋ እናት ፍየል የፊት እግሮቿን አንፈርክካ፣ አንገቷን ዘርግታ ስታቃስት አገኘኋት። አርብ ሞተች።

እንስሳት ሕክምና ቢሮ ስሄድ «ሰኞ ና» አሉኝ። ሰኞ ስሄድ አንዱ «የሞተውን ለምን አላመጣህም?» ብሎ ጮኸብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የት ላቆያት ነበር? እስካሁን ያንገበግበኛል። በዚያ መሀል አራት ሞቱ። በመጨረሻ አንድ የግል ሐኪም ቤቴ ድረስ መጥቶ የሞተችውን አምስተኛዋን ከፈተልኝ። አንደኛው ሳንባ ጠጥሮ ከጎድኗ ጋር ተጣብቋል፣ ደረቷ ቢጫ ውሃ ሞልቷል። ሌላኛው ሳንባ ደህና ነው። የፍየል ሳንባ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

3. የሚያስሉትን ዛሬውኑ ለይ። ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ገዝተህ በግምት እንዳትወጋ። እኔ ወግቼ ሁለት ቀን ሻል ሲላቸው አቋረጥኩ፣ ተመልሰው ወደቁ። መጠኑንና ቀኑን ሐኪም ይወስንልህ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ግን ላልታመመ ነው የሚጠቅመው፤ ሲከተቡም መርፌው ለእያንዳንዱ ይቀየር።

«በዓል ነው፣ ሳይሞቱ ሽጣቸው» ያለኝ ደላላ ነበር። አልሸጥኩም። የሌላ ሰው በረት ውስጥ ይሄን እሳት አልከትም። ከተረፉት 9 ተነስቼ ዛሬ 34 ደርሻለሁ፣ በረቴም ከላይ በኩል ክፍት ነው።

ዛሬ ማታ ስንት እንደሚያስሉ ቆጥረህ እዚሁ ጻፍልኝ። የሚሞት ካለ ሐኪም ሳያየው እንዳትቀብር።