ውድ ሬስቶራንት ገብታችሁ ቅር ካላችሁ፣ ወንበሩን ሳትለቁ ተናገሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለ10ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ ከሁለት ወር በፊት ጠረጴዛ አስያዛችሁ። ሚሽሊን የሚባለው የፈረንሳይ የሬስቶራንት መመሪያ ኮከብ የሰጠው ቤት ነው ተብላችሁ ሄዳችሁ፣ በሰዓቱ ደርሳችሁም 25 ደቂቃ በር ላይ ቆማችሁ። ሁለተኛው ሳህን ከተነሳ በኋላ 50 ደቂቃ ያህል ማንም ዞር ብሎ ሳያያችሁ ተቀመጣችሁ። ባለቤትሽ ለውዝ እንደማይስማማው ቦታ ስትይዙ ተናግራችሁ ሳለ፣ ለውዝ የተነሰነሰበት ምግብ መጣለት። ምግቡ ተመልሶ እንደገና ሲሠራ ደግሞ የእሱ ሳህን የደረሰው አንቺ በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው። ሂሳቡ ከነሰርቪስ ቻርጁ ቀረበ፣ ከፈላችሁ፣ ትንፍሽ ሳትሉ ወጣችሁ። አሁን የምትጠይቂው «አበዛሁት ወይ? ሰርቪስ ቻርጁን አልከፍልም ማለት ነበረብኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?» ብለሽ ነው።

አላበዛሽም። እንዲያውም የለውዙ ነገር ከመስተንግዶ ጉድለት በላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እኔ እንዲህ ባሉ ቤቶች 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ሳህን ከማመላለስ ነው፣ ስወጣ ዋና አስተናጋጅ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ተነስቼ የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ቅሬታ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ወንበሩ ላይ ሳለሽ ሲነገር ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው። ከወጣችሁ በኋላ ቤቱ ይቅርታ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ገንዘብም ሊመልስ ይችላል። ያንን ምሽት ግን ሊመልስላችሁ አይችልም።

መጀመሪያ ስለ 50 ደቂቃው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እንግዳ የማያየው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወጥ ቤት አንድን ሳህን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ፈረንሳዊው ሼፍ ኦጉስት ኤስኮፊዬ እ.ኤ.አ. በ1890 ከሆቴል ሥራ አስኪያጁ ሴዛር ሪትዝ ጋር ለንደን ሳቮይ ሆቴል ሲገባ ያደራጀው አሠራር ዛሬም መሠረቱ እሱ ነው። አንዱ ስጋውን ይይዛል፣ አንዱ አሳውን፣ አንዱ ሶሱን፣ አንዱ ጣፋጩን፤ ሁሉም ሥራቸውን እኩል ሰዓት ላይ ጨርሰው አንድ ሳህን ላይ ይገናኛሉ። አዳራሹም እንዲሁ ሰንሰለት ነው። ትዕዛዝ የሚቀበል፣ ሳህን የሚያመላልስ፣ ወይን የሚቀዳ፣ ሁሉንም ከላይ የሚያይ ዋና አስተናጋጅ አለ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ጠቅላላው ይቆማል።

ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው የት ነው? ትዕዛዛችሁ ወጥ ቤት እንደደረሰ ሁሉም ምግብ በአንዴ እሳት ላይ አይወጣም። የሚቀጥለው ሳህን የሚጀመረው ከአዳራሹ «ጠረጴዛ 7 ሊጨርሱ ነው፣ ቀጥሉ» የሚል ምልክት ሲመጣ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ወደ መታጠቢያ ክፍል ቢነሳ አስተናጋጁ «ያዙት» ይላል፤ ሰውየው ሲመለስ «ልቀቁት» ማለት አለበት። ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ከረሳት ሼፉ እናንተ ገና እየበላችሁ ነው ብሎ ያስባል፣ እናንተ ደግሞ ሼፉ እየሠራ ነው ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሁለታችሁም ትጠብቃላችሁ፣ ምግቡ ግን አልተጀመረም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ረጃጅም መጓተቶች አብዛኞቹ መነሻቸው ይሄው ነው። እንግዳው በ15ኛው ደቂቃ «የሚቀጥለው መቼ ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገብቶ ስህተቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያገኘው ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ነውር አይደለም። ለቤቱም ውለታ ነው።

አንቺ ግን የጻፍሽው ስለ ደቂቃው ብቻ አይደለም። «ሆን ብለው ፊት የነሱን መሰለኝ» ብለሻል። ዴቪድ ማይስተር የሚባል የአገልግሎት አሰጣጥ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋና ስለ መጠበቅ ጽፎ ነበር። ካነሳቸው ነጥቦች ሁለቱ የእናንተን ምሽት በትክክል ይገልጹታል። ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ምክንያቱ ከተነገረው ይልቅ ይረዝማል፤ የሚሠራ ነገር ሳይኖር መጠበቅም እንዲሁ። «ይቅርታ፣ አሳው እንደገና እየተሠራ ነው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይደርሳል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ያንን 50 ደቂቃ ሌላ ነገር ታደርገው ነበር። ይህን ማለት ደግሞ ለማንም ምንም ወጪ የለውም። ለዚህ ነው ከመዘግየቱ ይልቅ ዝምታው የሚያናድደኝ።

አስተናጋጁ ዓይናችሁን ሲሸሽ ንቀት ይመስላል፣ ሁልጊዜ ግን ንቀት አይደለም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ አንድ ምሽት አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ ለ40 ደቂቃ ጠበቁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ምልክቱን ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። ሲገባኝ አፈርኩና በሌላ በኩል እየዞርኩ ማለፍ ጀመርኩ፣ ጠረጴዛቸውን እንዳላይ። በመጨረሻ «ሁሉም ጥሩ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው «በጣም ጥሩ ነበር» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤያቸው መጣ። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛን ዓይኔ መሸሽ ሲጀምር፣ መጀመሪያ መሄድ ያለብኝ እዚያ ጠረጴዛ ጋ እንደሆነ ተማርኩ። ጀማሪ አስተናጋጆችን ሳሠለጥንም ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምራቸው ይህንን ነበር።

ሌላ ምሽት አንዲት ሴት በእጇ ጠራችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «35 ደቂቃ ጠብቀናል። ባለቤቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሄድ አለበት። ምን ልታደርጉልን ትችላላችሁ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ አልተለማመጠችም። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ሼፉ የሌሎችን ትዕዛዝ አሳልፎ የእነሱን አስቀደመ፣ አንዱን ሳህን በስምምነት ዘለልን፣ ከሂሳባቸውም ቀነስነው። በሰዓታቸው ወጡ፣ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። የሷን ንግግር ልብ በይው፤ የሆነውን ነገረችኝ፣ ለምን እንዳስቸገራት ነገረችኝ፣ ከዚያ ጠየቀችኝ። «ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው?» ብትለኝ ኖሮ ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ ምን እንደማደርግላት አላውቅም ነበር። የሚደረግ ነገር ስትጠይቀኝ ግን የማደርገውን አገኘሁ።

አውቃለሁ፣ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ራሴ እንግዳ ሆኜ ተመሳሳይ ቤት ገብቼ ዝም ብያለሁ። የቀዘቀዘ ሳህን አቀረቡልኝ፤ ይህን ሥራ 11 ዓመት የሠራሁ ሰው አፌን መክፈት አቃተኝ። ዋጋው ራሱ ሰውን ያስፈራል። ነጭ ጨርቁ፣ ጸጥታው፣ ሌላው ሁሉ ደንቡን የሚያውቅ መምሰሉ አፍ ያስይዛል። አብራኝ የነበረችው እህቴ ደስ ብሏት ስለነበር እሷን ላለማስከፋት ዋጥኩት። በመጨረሻ ጣፋጩ ሲመጣ አስተናጋጁን በቀስታ ነገርኩት። የአዳራሹ ኃላፊ መጣ፣ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻ አዳመጠኝ፣ «ትክክል ነዎት» አለኝ። ከሂሳቡም አንድ ነገር ቀነሰ፣ ግን ያንን ብዙም አላስታውሰውም። ያስታወስኩት መደመጤን ነው። ያም ሆኖ፣ ሳህኑ እንደቀረበ ብናገር ኖሮ ትኩስ ምግብ በልቼ እወጣ ነበር።

ስለዚህ ወደፊት፣ ሳህኑን ሳትጨርሺው ተናገሪ። ሙሉ በሙሉ ከተበላ በኋላ «አልወደድኩትም» ማለት ለቤቱም ለአንቺም ከባድ ነው። ወይንም ቢሆን ያው ነው። መጀመሪያ ትንሽ የሚቀዱልሽ መበላሸቱን እንድትፈትሺ እንጂ መውደድሽን ለመጠየቅ አይደለም። ቡሽ ላይ የሚፈጠር አንድ ውህድ ወይኑን የረጠበ ካርቶን ሽታ ያሲዘዋል፤ እንዲህ ከሸተተሽ መልሺው፣ ቤቱ ይህን ይጠብቃል።

አሁን ለውዙ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው። አለርጂ ያለበት ሰው ሳህን ላይ ለውዝ ቢመጣ፣ ለውዙን ለቅሞ መመለስ አይበቃም። ለአንዳንድ ሰው ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፣ ማብሰልም የለውዝን ጉዳት አያጠፋውም። ሳህኑ መጣል አለበት፤ ምግቡ በሌላ ቢላ፣ በሌላ መክተፊያ፣ በሌላ መጥበሻ ከመጀመሪያው መሠራት አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ መውሰድም አለበት። ቶሎ ተመልሶ ቢመጣ ነው ልትጠራጠሪ የሚገባው። የቤቱ ጥፋት ታዲያ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቦታ ስትይዙ የተናገራችሁት ወደ ወጥ ቤት ሳይደርስ መቅረቱ። ሁለተኛው፣ ያንቺን ሳህን ትተውልሽ የእሱን ብቻ መውሰዳቸው። ደህና ቤት ሁለቱንም ያነሳል፣ ሁለቱንም እንደ አዲስ ሠርቶ አንድ ላይ ያቀርባል፤ ባልና ሚስት በየተራ እየተያዩ እንዳይበሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ስልክ ላይ የተናገራችሁትን አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሲቀበል እንደገና ንገሩት፣ ሳህኑ ሲቀርብም አንድ ጊዜ ጠይቁ።

«ኮከብ ያለው ቤት እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ብለሻል። ሚሽሊን መመሪያውን ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፣ ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926፣ ሁለትና ሦስት ኮከብ የመጣው ደግሞ በ1931። ኮከቡ የሚለካው ግን ሳህኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው። የግብዓቱ ጥራት፣ የአሠራሩ ብቃት፣ የጣዕሙ መጣጣም፣ ሼፉ በምግቡ የሚገለጽበት መንገድ፣ ይህ ሁሉ ደግሞ በየጊዜው ሳይለዋወጥ መቀጠሉ። የአስተናጋጁ ትኩረትና የአዳራሹ ድባብ እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ግሩም ምግብና የተዝረከረከ መስተንግዶ አንድ ጣሪያ ሥር ሊገኙ ይችላሉ፤ ኮከቡ አልዋሸሽም፣ ስለ መስተንግዶው ግን ምንም አልነገረሽም።

ሰርቪስ ቻርጁን በተመለከተ፣ ከመክፈልሽ በፊት ሜኑውና ሂሳቡ ላይ ምን እንደተጻፈ እይ። በአንዳንድ ቦታ በእንግዳው ፈቃድ የሚከፈል ነው፣ በአንዳንድ ቦታ የዋጋው አካል ነው። በፈቃድ ከሆነ «ይህን አንሱልኝ» ማለት መብትሽ ነው፣ ምክንያቱን በአጭሩ ነግረሽ። ግን ያ ገንዘብ ሁልጊዜ አስተናጋጁ እጅ እንደማይገባ፣ ጥፋቱም የሱ ላይሆን እንደሚችል አስቢ። ከሁሉ የሚሻለው «ይህ ሳህን የተበላሸ ነበር፣ ከሂሳቡ ቀንሱልን» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ነው። ሁሉንም በልቶ ጠቅላላውን አልከፍልም ማለት ግን ወደ ጭቅጭቅ ይወስዳል፣ ሐቅሽንም ያደበዝዘዋል።

አሁን ምን ታድርጊ? በቀጥታ ለቤቱ ኃላፊ ጻፊ፤ በአደባባይ የምትጽፊው መልሱን ካየሽ በኋላ ይሁን። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታው የተያዘበትን ስም፣ የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጪ። ለውዙን መጀመሪያ አምጪው፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ የምትፈልጊውን ግለጪ፤ የዚያ ሳህን ዋጋ እንዲመለስልሽ ከሆነ ያንን፣ መልስ ብቻ ከሆነ መልስ። ስለ አስተናጋጁ ባሕርይ አትጻፊ፤ ያደረገውንና ያላደረገውን ብቻ ጻፊ። ደብዳቤ ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ቁጣ የበዛበትን እንከላከለዋለን፣ ሰዓትና ድርጊት ያለበትን ግን ስብሰባ ላይ ይዘነው እንገባለን።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ባለቤትሽ ያን ምሽት ሳህኑ ከመነሳቱ በፊት ቀምሶት ነበር? ጥያቄሽ ላይ አልጻፍሽውም። ከቀመሰና ከንፈሩን ወይም ጉሮሮውን የተሰማው ነገር ከነበረ፣ ለሐኪሙ ይንገር፣ በደብዳቤሽም የመጀመሪያው መስመር ላይ አስገቢው። ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አንብቤ የሚስተካከል ካለ እነግርሻለሁ።