ብሌችሊ «ስምምነት» ነው ወይስ «መግለጫ»?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «የብሌችሊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስምምነት» ብለው ጽፈዋል። አንዷ ታዲያ «ስምምነቱን ያፈረሰ አገር ምን ይደርስበታል?» አለችኝ። ቃሉ ልክ ነው?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ልክ አይደለም፤ የልጅቷ ጥያቄ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 እንግሊዝ አገር ብሌችሊ ፓርክ ላይ 28 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት ያወጡት ሰነድ መግለጫ ነው። ከአፍሪካ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ አሉበት። የላቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን አደጋ አብረን እናጥና ይላል እንጂ ማንንም በሕግ አያስገድድም።

«የተስማሙበት ሁሉ ስምምነት ነው» የሚሉ አሉ። ሥርወ ቃሉ ያግዛቸዋል፤ አልክድም። «ተስማማ» የ«ሰማ» ተደራራጊ ግሥ ነው። «ሰማ» ደግሞ የግዕዙ «ሰምዐ» ነው፤ ዐይኑ ዐ በአማርኛ ወድቋል። «ስምዕ» (ምስክርነት ማለት ነው) እና «ሰማዕት»ም ከዚያው ግንድ ናቸው። መደማመጥ ብቻ ከሆነማ ብሌችሊም ስምምነት ሊባል ነው። ግን ሥርወ ቃል ለዛሬው አጠቃቀም ዳኛ ሊሆን አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል ናቸው ይላል። ይህን ያነበበ ዜጋ «ስምምነት» ሲባል ግዴታ ቢጠብቅ ይፈረድበታል?

እኔ ብጠየቅ አስገዳጁን «ውል» ብንለው እመርጣለሁ። የልቃቂት ጫፍም ውል ነው፤ እሱን የያዘ ፈትሉን ሁሉ ይዟል። እዚያው ሐዋሳ ቤት የሚከራይ ሰው የሚዋዋለው ውል ነው፤ «ስምምነት ተፈራረምን» የሚል አከራይ ሰምቼ አላውቅም። ይሁንና ሕጉም ጋዜጣውም ወደ «ስምምነት» ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሳልወድ ተቀብዬዋለሁ።

እንግዲያው ቃሉን ለአስገዳጁ ብቻ እንተውለት። የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ ተቋም ነው) እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ቪልኒየስ ላይ ለፊርማ ክፍት ያደረገው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰነድ ስምምነት ነው፤ ያጸደቀው አገር ይገደድበታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማርች 2024 ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ፣ የዩኔስኮው የ2021 ሰነድ ደግሞ ምክረ ሐሳብ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 አሜሪካና ብሪታንያ በፓሪሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ሳይፈርሙ የቀሩትም መግለጫ ነበር። እሱን «ስምምነት» ካልነው፣ ሁለቱን አገሮች ከሕግ ግዴታ ሸሹ ብለን ያልሠሩትን እንከሳቸዋለን።