ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴ ሐጅ ከመሄዷ በፊት ምን ትከተብ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። የ64 ዓመት እናቴ ዘንድሮ ሐጅ ልትሄድ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። ስኳርና ግፊት አለባት። ለስኳሩ ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ የሚያሸና ኪኒን ትወስዳለች። አንድ ሰው «መርፌውን ሳትወጋ የክትባት ካርዱን አስመታላችኋለሁ» አለኝ። እኛ ሰፈር ደግሞ በቢጫ ወባ የታመመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዚያን ሰው ካርድ እንዳይቀበሉ እለምንዎታለሁ። ካርዱ በር ያስገባ ይሆናል እንጂ በሽታ አይመልስም። አምስት ሳምንት በቂ ጊዜ ነው፤ ብቻ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ማጅራት ገትር ነው። በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ጤነኛ የነበረን ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሐጃጆች በሚያድሩባት ሚና ላይ በአንድ ድንኳን ስንት ሰው እንደሚያድር አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 ከሐጅ ጋር ተያይዞ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። በ2000 ደግሞ ደብልዩ 135 የተባለው ዓይነት ከሐጃጆች ጋር ብዙ አገር ገባ። ስለዚህ እናትዎ የሚያስፈልጋቸው ኤ፣ ሲ፣ ዋይና ደብልዩ የተባሉትን አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት ነው። «በዘመቻ ጊዜ ተከትበናል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያ ክትባት የሚከላከለው «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነበር፤ የተሰጠውም ከ30 ዓመት በታች ላሉት ነው። አዲሱን ክትባት ሳዑዲ ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለው መወጋት አለባቸው።

ወደ ቢጫ ወባ ስንመጣ፣ በሽታው በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ ላይ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ውስጥ ተነስቷል። ሳዑዲ የምትጠይቀው ሐይቅን ከደሴ ለይታ ሳይሆን ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ሁሉ ነው። አንዴ ከተወጉ ካርዱ ከ10 ቀን በኋላ ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ይህ ክትባት የሚሠራው ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወስዱት ላይ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስኳርና ግፊት ብቻቸውን አይከለክሉትም። የሚከለክሉት እንደ ካንሰር ሕክምና ያሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ ነገሮችና ከባድ የእንቁላል አለርጂ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚከታተላቸው ሐኪም ይያቸው። አይገባቸውም ካለ በጽሑፍ ይሰጣቸዋል፤ ደብዳቤውን መቀበል አለመቀበል ግን የሳዑዲ ውሳኔ ነው። የዓመቱን ደንብም ከሐጅ አስተባባሪዎቹ ጠይቁ፤ በየዓመቱ ይለወጣል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከተገኘም ይውሰዱ።

ክትባቱ አለቀ ማለት ግን ዝግጅቱ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ላይ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው በዚያ ሙቀት ውሃው ቶሎ ያልቃል። መጠኑ ይቀነስ ወይም መድኃኒቱ ይለወጥ እንደሆነ ሳይሄዱ ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ፤ በራሳቸው ግን አያቁሙ። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ብዙ ተጉዘው ምግብ ካሳለፉ ስኳር ያወርዳል። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ግራ ከገባቸው ቶሎ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። በኪሳቸው ቴምር አይጥፋ።

አንዲት የስኳር ታካሚዬ ከሐጅ የተመለሱት እግራቸው ቆስሎ ነው። ጫማቸው ጠፍቶባቸው በጋለ አስፋልት ላይ በባዶ እግራቸው ሄደዋል፤ እግራቸው ደንዝዞ ስለነበር መቃጠላቸው አልተሰማቸውም። አንድ ጣታቸውን ቆረጥን። ስለዚህ ለእናትዎ የለመዱትን ምቹ ጫማ ሁለት ጥንድ ያዙላቸው፤ ማታ ማታም አብሯቸው የሚሄድ ሰው የእግራቸውን መዳፍ በመብራት ይይላቸው።

መድኃኒታቸው ለጉዞው ቀን ሁሉ የሚበቃ ሆኖ፣ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን። ለእግር ማቃጠል ፕሪጋባሊን ወይም ትራማዶል የሚወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው። ጫትማ ከቶ አይታሰብ፣ የሰው ዕቃም አይቀበሉ።

ባቲ ገበያ ላይ የግመል ወተት የለመደ ሰው እዚያም ያምረው ይሆናል። ሳይፈላ አይጠጡ፤ ግመልም አይንኩ። መርስ የተባለው የሳንባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው እዚያው ሳዑዲ ሲሆን ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። ከተመለሱ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከያዛቸው ጤና ጣቢያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚናገሩት ከሐጅ መመለሳቸውን ይሁን።