መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት

በቃሊቲና በገላን መስመር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለተመደባችሁ ወጣት ባለሙያዎች፤

ከብየዳ ቤትና ከእንጨት ቤት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ ሠራተኛ አታጡም። አንዳንዱ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ተነስንሶበት ይመጣል፤ ደሙ እንዲቆምለት ያሰበ ወዳጅ ያደረገው ነውና አትቆጡት፤ ነገር ግን ዱቄቱ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ሳይወጣ መስፋት አይታሰብም። ለደሙ፣ እጁን ከፍ አድርጎ በንጹሕ ፋሻ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ አጥብቆ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በጣት ጎንና ጎን ደም ሥርና ነርቭ ተጎራብተው ስለሚሄዱ፣ የሚደማውን በመቆንጠጫ በጭፍን መያዝ ነርቩንም ሊጎዳ ይችላል። ቀለበት ካለ ጣቱ ሳያብጥ ይውለቅ።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁ ማደንዘዣ ከመውጋታችሁ በፊት ጣቱን እንድትመረምሩ ነው፤ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ነርቩ ተቆርጦ ይሁን ደንዝዞ መለየት አይቻልምና። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታጠፈ የወረቀት መያዣ ሽቦን ሁለት ጫፎች 5 ሚሊ ሜትር ያህል አራርቃችሁ የጣቱን ጫፍ በግራም በቀኝም ንኩትና አንድ ጫፍ ወይስ ሁለት እንደነካው ይንገራችሁ። የሠራተኛ እጅ ቆዳው የደደረ ስለሆነ ምላሹን ከጤነኛው እጅ ጋር ሳታነጻጽሩ አትፍረዱ። ጅማቱን ለመፈተሽም «ጨብጥ» ማለት አይበቃም፤ የጣቱን መካከለኛ መገጣጠሚያ ይዛችሁ ጫፉን ብቻ ያጥፍ፤ ቀጥሎም ሌሎቹን ጣቶች ዘርግታችሁ ያዙና የተጎዳውን ብቻ ከመካከለኛው መገጣጠሚያ ያጥፍ። በከፊል የተቆረጠ ጅማት ጣቱን ማንቀሳቀሱን ስለማይተው፣ ካደነዘዛችሁ በኋላ ቁስሉን ገልጣችሁ ጣቱን እያጠፋችሁና እየዘረጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ጅማት ወይም ነርቭ ከተቆረጠ አጥባችሁና ሸፍናችሁ፣ እጁንም በመደገፊያ አስራችሁ ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩት። መስታወት የቆረጠው ራጅ ይነሣ፤ በጠብ መሐል የሰው ጥርስ ያቆሰለው የጣት አንጓ ግን አይሰፋም፤ ታጥቦ ክፍት ይተውና ፀረ ተሕዋስያን ይሰጠው።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ጠይቁ፤ ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ከተወሰደ 5 ዓመት ካለፈ ይደገማል። የቀን ሠራተኛ በማግስቱ ሥራ መግባቱ ስለማይቀር፣ የዕረፍት ወረቀት ሳትጽፉ «ዕረፍ» ብትሉት ከንቱ ነው። እጁን ከልቡ ከፍታ በላይ ያሳርፍ፤ ጅማቱ ደህና ከሆነ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ፤ በመገጣጠሚያ ላይ ያለ ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆይ። ጣቱ ዙሪያውን እኩል ካበጠ፣ ታጥፎ ከቀረ፣ ሲዘረጉለት ክፉኛ ካመመው፣ ኢንፌክሽኑ የጅማቱ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይቀጠርም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይላክ።