ካውኬዢያን፣ ሴማዊ፣ ካማዊ... ስሞቹን ማን አወጣቸው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን «እኛ ሐበሾች ካውኬዢያን ነን፣ ሳይንስ ያረጋገጠው ነው» የሚል ክርክር ተነስቶ ብዙ ሰው ሲሟገት አየሁ። ስሙ ራሱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። የአንትሮፖሎጂን (የሰው ልጅ ጥናትን) ታሪክ ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ አስተምሬያለሁም። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ካውካሰስ እኮ ጆርጂያና አርሜኒያ አካባቢ ያለ ተራራ ነው። የስዊድኑም የእንግሊዙም ሰው እንዴት ካውኬዢያን ተባለ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ ከዚህ እንጀምር። ስሙን ለሰው ዘር መጠሪያ አድርጎ ያመጣው ክሪስቶፍ ማይነርስ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በ1785። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። የሰውን ልጅ በሁለት ከፈለው፦ ካውካሳዊና ሞንጎላዊ። መለያው መልክ ነው። አንደኛው ቆንጆ፣ ሌላኛው አስቀያሚ። ይኸው ሰው ለባርነትም ጥብቅና የቆመ ነው።

ስሙን ዓለም እንዲቀበለው ያደረገው ግን እዚያው ጎቲንገን የነበረው ሐኪም ዮሐን ፍሬድሪክ ብሉመንባክ ነው። በ1775 በመመረቂያ ጽሑፉ ሰውን በአራት መደበ፣ በ1781 አምስት አደረጋቸው፣ በ1795 ሦስተኛውን እትም ሲያወጣ ደግሞ ስም ሰጣቸው፦ ካውካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ማላያዊ። ካውካሳዊ ያለበትን ምክንያት ራሱ ጽፎታል። አንደኛ፣ በተራራው ደቡባዊ ተዳፋት የሚኖሩት ጆርጂያውያን ከሰው ሁሉ ያማሩ ናቸው አለ፤ ለዚህም ሻርዳን የሚባለውን ፈረንሳዊ ተጓዥ ምስክር ጠራ። ሁለተኛ፣ የሰው ልጅ መጀመሪያ የተገኘው እዚያ አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። በ1793 ደግሞ ጌኦርግ ፎን አሽ የሚባል በሩሲያ ጦር ያገለገለ ሐኪም የአንዲት ጆርጂያዊት የራስ ቅል ልኮለት ነበር፤ ካሉት ሁሉ ውቡ ይህ ነው አለ።

መሠረቱ ይኸው ነው። የአንዲት ሴት የራስ ቅል፣ የአንድ ተጓዥ ወሬና አንድ ግምት። ግምቱም ስህተት ነበር። እስካሁን ከተገኙት የሆሞ ሳፒየንስ (የዛሬው ሰው ዝርያ) ቅሪቶች በዕድሜ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የወጣው ከእኛው ኦሞ ኪቢሽ ነው እንጂ ከካውካሰስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰውን በቀለም የከፋፈለው ሊኔየስ ነው ተብዬ ነበር የተማርኩት።

መልስ፦ ልክ ተምረሻል፤ ሊኔየስ ዕፅዋትንና እንስሳትን የመደበው ስዊድናዊ ሊቅ ነው። ግን ከእሱም በፊት ፍራንሷ በርኒየ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አለ። በሕንድ በሞጉል ቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ነው። በ1684 ምድርን በአገር ድንበር ሳይሆን በሰው «ዘር» ልከፋፍል ብሎ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የሚገርመው፣ ግብፆችንና ሕንዶችን ከአውሮፓውያን ጋር አንድ ላይ ነው የመደባቸው፤ በሰሜን ጫፍ የሚኖሩትን ላፖች ግን ለብቻቸው አወጣቸው። አይቻለሁ የሚለው ሁለት ላፖችን ብቻ ነው። ሁለት ሰው አይቶ አንድ ዘር!

ሊኔየስ በ1735 ሰውን በአራቱ አህጉራት መደበ፦ ነጭ አውሮፓዊ፣ ቀላ ያለ አሜሪካዊ፣ ጠይም እስያዊ፣ ጥቁር አፍሪካዊ። በ1758ቱ እትም ነገሩ ከረረ። ጥንታዊው ሕክምና በሰው አካል ውስጥ አሉ የሚላቸውን አራት ፈሳሾች፣ ማለትም ደምን፣ አክታን፣ ቢጫ ሐሞትንና ጥቁር ሐሞትን ለአራቱ አደላቸው። ከዚያ ጠባይ ጨመረበት። አውሮፓዊው በሕግ ይመራል፣ አሜሪካዊው በልማድ፣ እስያዊው በአስተያየት፣ አፍሪካዊው እንዳሻው። እስያዊውም በዚሁ እትም ከጠይምነት ወደ ገርጣ ያለ ቢጫ ተቀየረ። በመካከል ሄዶ ያየው አዲስ ነገር የለም፤ ቀለሙን የቀየረው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው።

ጥያቄ፦ ቆይ፣ ብሉመንባክ «ኢትዮጵያዊ» ያለው እኛን ነው? እንኩራበት ወይስ?

መልስ፦ እኛን ለይቶ አይደለም። ግሪኮች ጥቁር የሆነውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለነበር እሱም ከዚያ ወስዶ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካዊ ሁሉ ሰጠው። መጽሐፉ ላይ አምስት የራስ ቅሎች ተስለዋል። የ«ኢትዮጵያዊቷ» ተብሎ የተሳለው የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ከጊኒ የተወሰደች ሴት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ማለት ነው።

ኩራቱን ከብሉመንባክ አትፈልገው። ስሙን ወደ ክብር የመለሱት በአሜሪካና በካሪቢያን የነበሩ ጥቁሮች ናቸው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር እንደራሳቸው ተስፋ አነበቡት። ኒውዮርክ የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው፤ ብሉመንባክ ገና በሕይወት እያለ።

ጥያቄ፦ ብሉመንባክ ዘረኛ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ከዘመኑ ሰዎች ጋር ሲተያይ ከተሻሉት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዝርያ ነው ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። በዘሮቹ መካከል ቁርጥ ያለ ድንበር የለም፣ አንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል ብሎም ጽፏል። ጥቁሮች የጻፏቸውን መጻሕፍት ሰብስቦ ቤቱ አስቀምጦ ነበር፣ በአሜሪካ ባሪያ የነበረችውን የፊሊስ ዊትሊን ግጥሞች ጨምሮ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውን የጋናውን ተወላጅ አንቶን ቪልሄልም አሞንም በአድናቆት ያነሳል።

ግን ካውካሳዊውን መሐል አስቀምጦ ሌሎቹን ከእሱ «ርቀው የወረዱ» አደረጋቸው። በኋላ የመጡት እንደ ፊላዴልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን ያሉት ይህንኑ ወስደው መሰላል አደረጉት። ሞርተን የራስ ቅሎችን መጀመሪያ በሰናፍጭ ፍሬ፣ በኋላ በእርሳስ ጥይት እየሞላ አእምሮ ይለካ ነበር፤ በ1839 መጽሐፉን ሲያወጣ ካውካሳዊውን ላይ፣ «ኢትዮጵያዊውን» ታች አደረገ። ስለዚህ የብሉመንባክን መልካም ልብ አልክድም፣ የሠራው ሥራ ያስከተለውን ግን መልካም ልቡ አልከለከለውም።

ጥያቄ፦ አማራና ትግሬ ሴም፣ ኦሮሞና ሶማሌ ካም ወይም ኩሽ ናቸው የሚባለው የዘር ጉዳይ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም! ይህንን በደንብ አንብቡልኝ፤ በዚህ ስም ብዙ ክፉ ነገር ሲነገር ስለምሰማ ነው። ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊ የቋንቋ ምድቦች ናቸው። የደም ምድብ አይደሉም።

«ሴማዊ» የሚለውን ለቋንቋ የሰጠው በ1781 አውጉስት ሽሎዘር ነው፤ እሱም የጎቲንገን ሰው ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፣ ካውካሳዊም ሴማዊም ከአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የወጡ ናቸው። ሽሎዘር ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ዓረብኛ ዘመዳሞች መሆናቸውን አይቶ ስም ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ተዋሰ። ችግሩ ምዕራፉ ራሱ ከቋንቋው ጋር አይገጥምም። ከነዓን እዚያ ላይ የካም ልጅ ነው፤ የከነዓናውያን ቋንቋ ግን የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ ነው። ኤላም የሴም ልጅ ነው፤ የኤላም ቋንቋ ግን ሴማዊ አይደለም። ስሙ ለመጠሪያ ያህል የተወሰደ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን የቋንቋው ስም ወደ ሰው ተላለፈ። በ1879 ቪልሄልም ማር የሚባል ጀርመናዊ አይሁዶችን የሚጠላ ማኅበር ሲያቋቁም ስሙን ፀረ ሴማዊ አለው። ወዴት እንዳደረሰ ታውቃላችሁ። «ካማዊ» የሚለውን ደግሞ አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆሴፍ ግሪንበርግ ጣለው። ካማዊ የሚባል ራሱን የቻለ ቤተሰብ የለም፣ ግብፅኛው፣ በርበርኛው፣ ኩሻዊውና ሴማዊው ሁሉ በአንድ ቤት ያሉ ናቸው ብሎ አፍሮእስያዊ አላቸው። አማርኛና ኦሮምኛ በዚህ አገባብ ዘመዳሞች ናቸው። ደግሞም ሰው ቋንቋ ይቀይራል፤ ደሙ ሳይቀየር።

ጥያቄ፦ ካማዊ መባል ግን ለእኛ ጥሩ ነበር ይባላል፣ ፈረንጆቹ ከሌላው አፍሪካዊ አስበልጠውን ነበር።

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው በኩራት ይናገረዋል፣ እኔን ግን ያሳዝነኛል። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ድሮ የካም ልጆች መባል በአውሮፓ መረገም ነበር፤ ባርነትን ለማጽደቅ ይጠቅሱት ነበር፣ ምንም እንኳ ኖኅ የረገመው ካምን ሳይሆን ከነዓንን ቢሆንም። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ ገብቶ የፈርዖኖቹ ሥራ በአውሮፓ ሲታወቅ ነገሩ ተገለበጠ። ያን ያህል ሥልጣኔ ጥቁር ሕዝብ ሠራው ማለት አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ «ካማዊ» ጥቁር ቆዳ ያለው ካውካሳዊ ተደረገ። ከዚያ በኋላ አፍሪካ ውስጥ መንግሥት፣ ሐውልት፣ የብረት ሥራ በተገኘ ቁጥር ከውጭ የመጡ ካማውያን የሠሩት ነው ይባል ጀመር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሴሊግማን በ1930 መጽሐፉ የአፍሪካ ሥልጣኔ የካማውያን ሥልጣኔ ነው ብሎ ጻፈ። ያ ሙገሳ የሌላውን አፍሪካዊ ታሪክ የነጠቀ ነው።

ወደ ሩዋንዳ ልውሰድህ። አሳሹ ጆን ስፔክ በ1863 ባወጣው መጽሐፍ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያሉት ከብት አርቢ ገዥዎች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ወራሪዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም፣ ራሱም ግምቴ ነው ይል ነበር። ሚሲዮናውያኑና ቅኝ ገዥዎቹ ግን ይዘው ሮጡ። ቱትሲው ካማዊ፣ ሁቱው ኔግሮ ተባለ፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች! ቤልጂጎች በ1930ዎቹ መታወቂያ ላይ ጻፉት። በኋላ ይኸው ተረት ተገልብጦ በቱትሲዎች ላይ መጣ፦ መጤ ናችሁ ተባሉ። በኅዳር 1992 ሌዮን ሙጌሴራ የሚባል ፖለቲከኛ ሕዝብ ሰብስቦ፣ አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ በኛባሮንጎ ወንዝ በአቋራጭ እንልካችኋለን አለ። በ1994 ቱትሲዎች በተጨፈጨፉ ጊዜ በዚያ ወንዝ የተጣለው ሬሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ወርዷል። ሙጌሴራ ከካናዳ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

የአገራችን ስም እዚያ ንግግር ውስጥ እንዴት እንደገባ ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቅም። የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ጣሊያኖችስ በወረራው ጊዜ ምን ብለው መደቡን?

መልስ፦ እነሱ ጋ ፖለቲካው ሲቀየር ሳይንሱም ተቀየረ። በ1890ዎቹ ታዋቂው አንትሮፖሎጂስታቸው ጁሴፔ ሰርጂ ካማውያንና የሜዲትራኒያን ሕዝቦች፣ ጣሊያኖች ጭምር፣ ከአንድ ግንድ ናቸው ይል ነበር። በሚያዝያ 1937 የወጣው ድንጋጌ ግን ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል አለ። በሐምሌ 1938 ደግሞ የዘር ማኒፌስቷቸው ወጣ። እዚያ ላይ ሴማውያንንና ካማውያንን ከሜዲትራኒያን ዘር ጋር የሚያገናኝ ሐሳብ አደገኛ ነው ተባለ። በመካከል አዲስ የራስ ቅል ተገኝቶ አይደለም። የሚገዙት ሕዝብ ዘመዳቸው እንዳይሆን ስለፈለጉ ነው።

ጥያቄ፦ «ሞንጎሎይድ» የሚለው ለሕመምም ይባል የነበረው ለምንድነው?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ሐኪም ላንግደን ዳውን በ1866 የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ሰዎች በብሉመንባክ ዘሮች ሊመድብ ሞከረ። «ኢትዮጵያዊ» የሚለውም ክፍል ነበረው። ሞንጎላዊ ያለው ተለጥፎ ቀረ። በ1961 የዘረመል ባለሙያዎች ይህ ስም መቅረት አለበት አሉ፣ በ1965 የሞንጎሊያ ልዑካን ጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅትም ተወው። ዛሬ ዳውን ሲንድረም ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ተው ያለ ጥቁር ምሁር አልነበረም?

መልስ፦ ነበር እንጂ እህቴ! ከባርነት ያመለጠው አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1854 ኦሃዮ ላይ ባደረገው ንግግር ሞርተንን በስም ጠርቶ ሞግቶታል፣ በተለይ ግብፆችን ከአፍሪካ ለመነጠል ያደረገውን ጥረት። ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን የሄይቲውን አንቴኖር ፊርማን ነው። የፓሪስ አንትሮፖሎጂ ማኅበር አባል ነበር። የጥቁር ዘር ዝቅተኛ ነው እየተባለ በሚነበብበት አዳራሽ ተቀምጦ ሰምቷል። በ1885 በሰዎች ዘር እኩልነት ላይ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ጽፎ መለኪያዎቻቸው እርስ በርስ እንደሚጣሉ አንድ በአንድ አሳየ። አንብበው ዝም አሉት። ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው በ2000 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

የሰው ዘረመል ሲመረመርም ያጠናከረው የእሱን ወገን ነው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እንዳሳየው 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሰዎች ልዩነት ያለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው እንጂ በዘርና በዘር መካከል አይደለም።

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምኖረው። ለልጄ ትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ የዘር ሳጥኑ ጋ ሁሌ እቆማለሁ። ካውኬዢያን ማለት እችላለሁ እንዴ? ምን ልሙላ?

መልስ፦ እናቱ፣ ስለ ካውኬዢያን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ራሱ ያደረገውን ስሚ። ዜግነት ለማግኘት «ነጭ» መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ከ1870 ወዲህ ደግሞ የአፍሪካ ተወላጅ መሆንም ይበቃ ነበር። በ1922 ታካኦ ኦዛዋ የሚባል ጃፓናዊ ሲያመለክት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭ ማለት ካውኬዢያን ነው ብሎ መለሰው። ከሦስት ወር በኋላ ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባል ሕንዳዊ፣ እንደ አንትሮፖሎጂስቶቹ ከሆነ እኔ ካውኬዢያን ነኝ ብሎ ቀረበ። ያው ፍርድ ቤት፣ ውሳኔውን የጻፈውም ያው ዳኛ ሰዘርላንድ፣ አሁን ደግሞ ወሳኙ ተራው ሰው ነጭ የሚለው ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም አለው።

ያንቺ ፎርም ቀላል ነው። ራስሽ የምትሞይው ነው፣ የሚለካሽ የለም። የፌዴራል መንግሥቱ በ2024 ባሻሻለው መመሪያ ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊ እና ሶማሊያዊ በምሳሌነት በስም ተጠቅሰዋል። ሁሉም ፎርም ገና አልተቀየረም። ስለዚህ እዚያው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጊና ከጎኑ የመጻፊያ ቦታ ካለው «ኢትዮጵያዊ» ብለሽ ጨምሪበት፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው።